ዳክስሁንድ በጎጃም ቤት፦ ጀርባውን ጠብቆ የማሳደጊያ ዝርዝር መመሪያ

ዳክስሁንድ ገላው ረጅም፣ እግሩ አጭር፣ ደረቱ ለመሬት የቀረበ ውሻ ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ይህን ውሻ ማሳደግ የጀመሩ ቤተሰቦች የሚሰናከሉት በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፤ እንደ ማንኛውም የግቢ ውሻ ይይዙታል። ደጅ ያሳድሩታል፤ ከማዕድ የተረፈውን ወጥ ያጠግቡታል፤ ከመደብና ከሶፋ ላይ ሲዘል ዝም ይሉታል፤ ያመመው ዕለት ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የሰው ማስታገሻ ገዝተው ይሰጡታል።

ዋናው ነገር ጀርባው ነው። ከዚህ ዝርያ ከአራት ውሾች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ የዲስክ ሕመም ይገጥመዋል። እግሩን ያሳጠረው የዘር ባሕርይ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ሆነው ያሉትን ለስላሳ ዲስኮችም ገና በወጣትነቱ ያደርቃቸዋል፤ የደረቀ ዲስክ ሲሰነጠቅ ይዘቱ ወጥቶ ኅብለ ሰረሰሩን ይጫናል። ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ዘሩን መለወጥ አይቻልም፤ ክብደቱን፣ ዝላዩን፣ አነሣሡንና ሕመሙ በጀመረበት ዕለት የሚደረገውን ግን ቤተሰቡ ይወስናል። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሥሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለባቸው።

ደረጃ 1፦ የት እንደሚያድር አስቀድመው ይወስኑ

ይህ ውሻ ደጅ አያድርም። በጎጃም ከተሞች ዳርቻ ሌሊት ጅብ ይዞራል፤ ከጉልበት በታች የሆነ ውሻ ደግሞ ከጅብ የሚያመልጥበት እግር የለውም። ብርዱም አለ፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሆዱ ከእርጥብ መሬት በጥቂት ጣት ብቻ የሚርቅ ውሻ በሐምሌ ሌሊት ደጅ ሲያድር ይታመማል።

ብዙ ቤት ውስጥ ችግሩ የሚፈነዳው ቡችላው ከመጣ በኋላ ነው። እናት ወይም አያት «ውሻ ከቤት አይገባም» ይላሉ፤ ቡችላውም በሁለተኛው ሳምንት ተባሮ ከግቢው ጥግ ይታሰራል። ስለዚህ፦

1. የቤቱን ታላላቅ ሰዎች ሳያማክሩ ቡችላ አያምጡ። ውሻው ደጅ ማደር እንደማይችል ምክንያቱን ዘርዝረው ይንገሯቸው።
2. ማረፊያውን ከሞሰቡ፣ ከሊጡና ከጸሎት ቦታው የራቀ ያድርጉት። በር ያለውና ነፋስ የማይገባበት በረንዳ ወይም ትንሽ ክፍል ይበቃል። አብዛኞቹ አያቶች በዚህ ይስማማሉ።
3. የውሻውን ሳህን፣ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ይለዩ።
4. ጧት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ተከትሎ እንዳይወጣ ከቤት ዘግተውበት ይሂዱ።

ስምምነት ካልተገኘ ቡችላውን አያምጡ። ለግቢ ጥበቃ ከሆነ የአገራችን ውሻ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ዳክስሁንድ ድምፁ ትልቅ ቢሆንም ጠባቂ ሆኖ ደጅ የሚውል ውሻ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ያዘጋጁ

መውጫ ሳንቃ። ውሻው ሊወጣበት የሚወደው ከፍታ ሁሉ፣ ሶፋም ይሁን መደብ ወይም አልጋ፣ ወይ ይከለከል ወይ ተዳፋት ሳንቃ ይሠራለት። ለአናጺ ሲያዝዙ ርዝመቱ ከከፍታው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 45 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሶፋ 135 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ስፋቱ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ላዩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ጆንያ አጥብቀው ያስቸንክሩ፤ ራቁቱን ያለ ሳንቃ ያንሸራትታል፣ አንድ ጊዜ የተንሸራተተበት ውሻም ዳግመኛ አይረግጠውም። በእንጅባራና በአዊ አካባቢ ቀርቀሃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሳንቃውንም ሆነ ወደፊት የሚያስፈልገውን የማረፊያ ሳጥን መሥራት ይችላሉ፤ የቀርቀሃው ስንጥር እንዳይወጋው ጠርዙን ያስልሱት።

ወለል። አዳዲስ ቤቶች የሚነጠፍላቸው ሴራሚክ ለዚህ ውሻ አደገኛ ነው። ሲሮጥ የኋላ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ ወገቡም ይጣመማል። የሚመላለስበትን መስመር፣ ከማረፊያው እስከ በሩና እስከ ምግቡ ያለውን፣ የማይንሸራተት ምንጣፍ ያልብሱ። ሰሌን በሴራሚክ ላይ አብሮ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ላስቲክ ያድርጉበት።

ደረጃዎች። ፎቅ ያለው ቤት ከሆነ ደረጃውን በአጭር በር ይዝጉ። ተሸክመው ያውጡት፣ ተሸክመው ያውርዱት።

አጥር። ውሻው የተዳቀለው ጉድጓድ ገብቶ እንዲያድን ነው፤ ሲቆፍር በቁጣ አያቆምም። ከአጥሩ ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቆፍረው ድንጋይ ወይም የሽቦ ወንፊት ይቅበሩ። ከቻሉ ደግሞ ከግቢው አንድ ጥግ ለስላሳ አፈር ከምረው፣ ምግብ ቀብረውበት፣ እዚያ እንዲቆፍር ያስለምዱት፤ ጎመኑ የሚተርፈው በዚህ ነው።

ከአፉ የሚርቁ ነገሮች። የአይጥ መርዝ ከግቢው ጨርሶ ይውጣ፤ ይህ ውሻ አይጥ ያድናል፣ የተመረዘች አይጥ መብላትም ሊገድለው ይችላል። የተቦካ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል፣ አልኮልም ያመነጫል። ለከብት የሚቀርበው የጠላና የአረቄ አተላም በዚያው አልኮል የተነሣ ለትንሽ ውሻ መርዝ ነው። ጋኑን ይክደኑ፣ አተላውን ከፍ ያድርጉ።

ደረጃ 3፦ ቡችላውን መምረጥና ማምጣት

መደበኛው ዳክስሁንድ ሲያድግ ከ7 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ትንሹ ዓይነት ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። በአብዛኛው ከ12 እስከ 16 ዓመት ስለሚኖር አሁን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ አብሮት ይሆናል፤ ውሳኔው የዚያን ያህል ይመዘን።

1. ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ አይቀበሉ።
2. እናቱን ይዩ፤ ከተቻለ አባቱንም። ከሁለቱ አንዳቸው በጀርባ ሕመም ተኝተው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።
3. ሁለቱም ወላጆች ዝንጉርጉር ጠጕር ካላቸው ይለፉት። ከእንዲህ ዓይነት ጥንድ ዕውርና ደንቆሮ ቡችሎች ሊወለዱ ይችላሉ።
4. የሚያመጡበትን ወር ይምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ የመጣ ቡችላ ደጅ ሽንት መውጣት ለመማር ይቸገራል። ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ከሁሉ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ የሚያመጡ ከሆነ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስቸጋሪው ክፍል ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው ጠመዝማዛ ነው። መንገዱ ያስታውካል፣ የበረሃው ሙቀትም ቡችላ ያደክማል። ከመነሣትዎ 3 ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ አይስጡት፤ ውኃ ግን በየማረፊያው ጥቂት ጥቂት ያቅርቡለት። በጎኑ አየር የሚያስገባ ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ፣ እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ አንጥፈው ያስቀምጡት። በረሃውን በጧት ማለፍ የሚያስችል ሰዓት ይምረጡ። ሌሎች ውሾች በሚሸኑበት የመንገድ ዳር አያውርዱት፤ ክትባቱ ገና አላለቀም።

ደረጃ 4፦ ክትባትና የትል መድኃኒት

በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮች ሥራቸው በአብዛኛው ከከብት፣ ከበግና ከአህያ ጋር ነው። የውሻ ክትባት ሁልጊዜ ላይኖራቸው ስለሚችል አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ፤ ክትባቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየቱንም ይጠይቁ።

1. የዲስቴምፐርና የፓርቮ (ቡችላን የሚገድሉ ሁለት የቫይረስ በሽታዎች) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመራል፤ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል፤ በዓመቱ ይታደሳል።
2. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በየዓመቱ። ይህን በፍጹም አይዝለሉ። ማስረጃውን በፕላስቲክ ሸፍነው ያስቀምጡ።
3. የትል መድኃኒት ለቡችላ እስከ 6 ወሩ በየወሩ፣ ከዚያ ቢያንስ በየ3 ወሩ በሐኪም ልክ ይሰጠው።

ካልተከተበ ውሻ ወይም ከማይታወቅ ውሻ ጋር ተናክሶ ከመጣ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ሰው ከተነከሰ ወይም ቁስሉን ከላሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያጥቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ከክትባቱ በፊት አይቅደም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።

ቡችላው ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከያዘው እስከ ነገ አይጠብቁ። ፓርቮ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል።

ደረጃ 5፦ አነሣሡን ቤተሰቡ ሁሉ ይማር

ልጆች ውሻ የሚያነሡት ከፊት እግሮቹ ሥር በብብቱ ይዘው ነው። ቀሪው ገላ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በዳክስሁንድ ላይ ይህ አንድ ጊዜም መደረግ የለበትም። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

1. ከጎኑ ይንበርከኩ። ከላይ አጎንብሰው አይያዙት።
2. አንዱን እጅ ከፊት እግሮቹ ኋላ ከደረቱ ሥር ያስገቡ፤ መዳፍዎ የደረቱን አጥንት ይሸከም።
3. ሌላውን እጅ ከመቀመጫው ሥር ያድርጉ።
4. በሁለቱም እጅዎ እኩል ያንሡት፤ ጀርባው ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይነሣ።
5. ጎኑን ከደረትዎ ያስጠጉት።
6. ሲያወርዱት አራቱም እግሮቹ ወለል እስኪነኩ አይልቀቁት። ወለሉን ሲያይ ይቸኩላል፤ ከእጅ የሚዘለውም ያኔ ነው።

ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጨርሶ አያንሡት። መታቀፍ ከፈለጉ ወለል ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ውሻው ራሱ ጭናቸው ላይ ይወጣል። ይህን ደንብ ለእንግዳም ይንገሩ፤ «ያሳፍራል» ብለው አይተዉት።

በአንገት ማሰሪያ መጎተትም ይቅር። በደረቱና ከብብቱ ኋላ የሚያልፍ የደረት ማሰሪያ ያድርጉለት። በገበያ ካላገኙ ጫማ ሰፊ ወይም የኮርቻ ሠራተኛ ከለስላሳ ጠፍር ይሠራልዎታል፤ የአንገቱን ሥርና የደረቱን ሰፊ ቦታ ለክተው ይሂዱ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ላላ ያለ ይሁን፣ ዘለበቱም ብብቱን አይንካ።

ደረጃ 6፦ ምግብ

እዚህ ላይ ቤተሰቡ በደግነቱ ይጎዳዋል። በወጣ በገባ ጉርሻ የሚያድግ ዳክስሁንድ ይወፍራል፤ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ በረጅሙ ጀርባ ላይ የሚጫን ሸክም ነው።

የማይሰጡ። ወጥ፣ ሽሮና ንጥር ቅቤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለባቸው፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ሽንኩርቱን አውጥቶ ሥጋውን ብቻ መስጠት አያድንም፤ መረቁ ውስጥ ገብቷል። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌት፣ ቡናና የቡና አተላም አይሰጡም። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

የሚሰጥ። ከአዲስ አበባ የታሸገ የውሻ ምግብ ማስመጣት ከቻሉ፣ ለቡችላ በተለይ እሱን ያስቀድሙ። መንገድ ሲቋረጥ እንዳይጨነቁ የአንድ ወር ስንቅ ይኑርዎት። ቤት ውስጥ ለማብሰል ደግሞ ለ8 ኪሎ ግራም ጎልማሳ ውሻ የቀን መነሻው ይህ ነው፦

1. 130 ግራም ጨውና ቅመም የሌለው የተቀቀለ ቀይ ሥጋ፣
2. 120 ግራም የበሰለ ሩዝ፣
3. 40 ግራም የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ፣
4. በጣም ደቆ የተፈጨ የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት፤ ለግማሽ ኪሎ የበሰለ ምግብ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሒሳብ። ያለ አጥንት የሚበላ ውሻ ካልሲየም ያጥረዋል።

ይህን ለሁለት ከፍለው ጧትና ማታ ይስጡ። ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይበላል። ደረቅ እንጀራ ለብቻው አይጎዳውም፤ እንጀራ ብቻ በልቶ ግን አይኖርም።

በጾም ወራት። ውሻ አይጾምም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሚቸገሩ ብዙ ናቸው። ቅበላ ሳይደርስ ሥጋውን በቀን በቀን ልክ ከፋፍለው ያቀዝቅዙ፤ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይጠቀሙ። ጣና ዙሪያ ያላችሁ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ቀቅላችሁ፣ እሾሁን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ አንድ በአንድ ለቅማችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ጥሬ ዓሣ አይሰጥም። ድስቱ ለብቻ የተለየው ለዚህም ነው፤ የጾም ዕቃ ሳይነካካ ቤቱም ሰላም ይሆናል።

በበዓል እርድ። ይህ የልጆች ጤና ጉዳይ ነው። በጉ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ያ ከረጢት የትል ማደሪያ ነው፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅ በኩል ወደ ልጅ አፍ ገብቶ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። የታመመውን ሆድ ዕቃ ያቃጥሉ ወይም ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ይቅበሩ። ውሻው ቀምቶ ከበላ ሐኪሙን ፕራዚኳንቴል ስለሚባለው መድኃኒት ይጠይቁ።

ክብደቱን መለካት። በሳምንት አንድ ጊዜ ጎኑን ይዳስሱ። እጅዎን ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ አጥንት በሌላው ጣት ሲነኩ የሚሰማዎት ዓይነት ስሜት ከጎድኑ ላይ ካገኙ ክብደቱ ልክ ነው። ጎድኑን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ወፍሯል፤ ምግቡን በአንድ አሥረኛ ቀንሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሰው ይዳስሱ። ካልቀነሰ ምግቡን ሳይሆን ቤተሰቡን ይመርምሩ፤ ከጀርባዎ የሚያጎርስ ሰው አለ።

ደረጃ 7፦ ሽንትና ዓይነ ምድር

ዳክስሁንድ ለዚህ ትምህርት ከዘገዩ ዝርያዎች አንዱ ነው። ወራት ይፈጃል።

1. እንደነቃ፣ እንደበላና ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ወደ አንድ ቋሚ ቦታ ይውሰዱት።
2. ዝም ብለው ይቁሙ። አያጫውቱት።
3. እንደጨረሰ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅጽበት ትንሽ ሥጋ ይስጡት። ቤት ገብቶ የተሰጠው ሽልማት ለምን እንደሆነ አይገባውም።
4. ቤት ውስጥ ሲሸና ካዩት ጸጥ ብለው አንሥተው ያውጡት። አፍንጫውን በሽንቱ ማሸት ተደብቆ እንዲሸና ብቻ ያስተምረዋል።

በክረምት አብዛኞቹ ወደ ዝናብ አይወጡም። ቆርቆሮ ጣል ያለበት፣ አሸዋ ወይም ጠጠር የፈሰሰበት አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ከበሩ አጠገብ ያዘጋጁ። ሲመለስ ሆዱንና እግሮቹን ያድርቁ፤ ጭቃ ቆዳውን ያቆስለዋል።

ደረጃ 8፦ መውጣትና መንቀሳቀስ

ጀርባውን እጠብቃለሁ ብሎ ውሻውን ማስተኛት ስሕተት ነው። ጡንቻው የጠነከረ ጀርባ የተሻለ ይቋቋማል። ለጎልማሳ ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሜዳ መሬት ላይ መራመድ ጥሩ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይውጡ፤ አስፋልቱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፣ ካልቻሉት እሱም አይችልም።

ሁልጊዜ ታስሮ ይሂድ። የሸተተውን ተከትሎ ከሄደ ጥሪ አይሰማም፤ የጎረቤት ጫጩት ካየም ይገድላል፣ በዚህም ከጎረቤት ጋር መጣላት ይመጣል። ባለቤት አልባ ውሾችን ለመቀነስ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ በሚጣልባቸው ጊዜያት ደግሞ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚያነሣ ውሻ መጀመሪያ ይሞታል፤ ከእጅ ብቻ እንዲበላ ያስለምዱት።

ማምከን ካሰቡ ከ12 ወር በፊት እንዳይሆን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ። ቀደም ብሎ የመከነ ዳክስሁንድ ለዲስክ ሕመም የበለጠ ይጋለጣል።

ደረጃ 9፦ የየሳምንቱ ምርመራ

ጆሮውን ገልጠው ያሽቱ፤ ከሸተተ ወይም ከቀላ ሐኪም ይየው። በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ሥር መዥገር ይፈልጉ፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት በውሻው ላይ አይርጩ፤ ልኩ ለትንሽ ገላ አይሆንም። ጥፍሩ ወለል ላይ ከጮኸ ረዝሟል፤ ይቆረጥ። ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ በውኃ ብቻ ይፈትጉ፤ የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም።

ደረጃ 10፦ ጀርባው የታመመ ዕለት

ምልክቶቹን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቃቸው። ጀርባውን ያጎብጣል፤ ሆዱ ሲነካ ይጠነክራል፤ ሲያነሡት ይጮኻል፤ ወደሚወደው ቦታ መውጣት ይተዋል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ብቻ ያዞራል። ብዙ ሰው «ሆዱን ነው ያመመው» ብሎ ሁለት ቀን ያሳልፋል።

መጀመሪያ ይህን ያድርጉ። ልጆቹን ያርቁ፣ ውሻውን በደረጃ 5 መሠረት አንሥተው በደረጃ 2 የተጠቀሰው የማረፊያ ሳጥን ውስጥ ያስገቡት። ሳጥኑ ለመቆም፣ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት ብቻ የሚበቃ ይሁን።

ከዚያ እግሩን ይፈትሹ። ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ከሆዱ ሥር በመዳፉ ይደግፈው። እርስዎ የአንዱን የኋላ እግር መዳፍ ገልብጠው የላይኛው ጎኑ ወለሉን እንዲነካ ቀስ ብለው ያስቀምጡት። ጤነኛ ውሻ በቅጽበት ያቃናዋል። እንደታጠፈ ከተወው ወይም ከዘገየ ኅብለ ሰረሰሩ ተነክቷል። ሌላውንም እግር እንዲሁ ይፈትሹ፤ ውጤቱንና ሰዓቱን ይጻፉ።

1. ሕመም ብቻ ካለና እግሩን የሚያቃና ከሆነ፦ በሳጥን ያሳርፉት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ይየው።
2. እየተንገዳገደ የሚራመድ ወይም መዳፉን የማያቃና ከሆነ፦ በዚያው ቀን።
3. የኋላ እግሩ ከተጎተተ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፦ አሁኑኑ። ሰዓታት ይቆጠራሉ። በሳንቃ ወይም በጠንካራ ካርቶን ላይ አስተኝተው ይውሰዱት።

የሰው መድኃኒት አይስጡ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያበላሻሉ። ፓራሲታሞልም በግምት የሚሰጥ አይደለም። አስቀድመው ሰጥተው ከሆነ ለሐኪሙ አይደብቁ፤ በዲክሎፌናክ ላይ ዴክሳሜታዞን የተባለው እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ከተደረበ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ ክብደቱን፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ የእግሩን ፍተሻ ውጤትና የተሰጠውን መድኃኒት ጽፈው ይያዙ። የእግሩን ጣት በመቆንጠጥ ስሜት መኖሩን እንዲያረጋግጥ ይጠይቁት፤ እግሩን መሳቡ ብቻ ስሜት አለ ማለት አይደለም፣ ዞሮ ማየት ወይም መጮኽ አለበት። ስሜቱ ጨርሶ ከጠፋ ተስፋ ያለው በፍጥነት በሚደረግ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ነው። ለባሕር ዳር ነዋሪ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ለደብረ ማርቆስና ለደጀን ነዋሪ አዲስ አበባ ይቀላል። የትኛው ቦታ ምን እንደሚሠራ ውሻው ጤነኛ ሳለ ደውለው ያረጋግጡ፣ ስልኩንም ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ቀዶ ሕክምና ባይገኝም ስሜቱ ያልጠፋ ብዙ ውሻ በጥብቅ ዕረፍት መልሶ ይራመዳል። ዕረፍቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፣ በሳጥን ውስጥ። ለሽንት ብቻ ተሸክመው ያውጡት፣ አስረው በቦታው ያቁሙት፣ መልሰው ያስገቡት። መቆም ካልቻለ በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑን ያገላብጡት፣ ንጣፉን ደረቅ ያድርጉ። ለ12 ሰዓት ካልሸና ፊኛው መጨመቅ አለበት፤ አጨማመቁን ሐኪሙ በእጅዎ ላይ እጁን አድርጎ ያሳይዎት።

ዕረፍቱ የሚፈርሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ውሻው ጭራውን ይቆላል፣ ልጆቹ «ድኗል» ብለው ይለምናሉ። ዲስኩ ግን ገና አልጠገገም፤ አንድ ዝላይ ሁሉንም ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። የሳጥኑን ቁልፍ አንድ ሰው ብቻ ይያዝ።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ታስሮ፣ በሜዳ መሬት ላይ ያራምዱት። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። መንገዳገድ ከተመለሰ በዚያው ቀን ወደ ሳጥኑ ይመልሱትና ለሐኪሙ ይደውሉ።